ሲወለድ ማን ነበር?

ጋሽ እሸቴ ማረፋቸውን የሰማሁት ለወይፈኖቹ ፉርሽካና ፋጉሎ ስቀላቅል ነው። የእርባታው ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና፣ «ሙሉ፣ ጋሽ እሸቴ አረፉ» አለኝ።

«መቼ?»

«ዛሬ ሊነጋ ሲል። ልጃቸው ነው የደወለው።»

እጄን ከመኖው ውስጥ አላወጣሁም። ቀና ብዬ ወይፈኖቹን አየሁ፤ ስድስቱም ገንዳው ላይ አንገታቸውን ደርድረው ይጠብቁኛል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ልቅሶ አልነበረም። «ቅዳሜ ማን ሊመርጥ ነው?» የሚል ነበር። ባሰብኩት ነገር አፈርኩና ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። አሁን አሁን ግን እርሳቸው ቢሰሙ የሚቀየሙኝ አይመስለኝም። እርሳቸውም እስከ መጨረሻው የሚያስቡት ስለዚያች ቅዳሜ ነበር።

እርባታችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጎረቤላ ሳይደረስ ነው። የገበሬዎች ማኅበር ነው፤ የሥጋ ከብት ያረባል። ወንድ ሆኖ የተወለደ ጥጃ ዕጣው ከሁለት አንዱ ነው። አብዛኞቹ ይኮላሹና ደልበው ሰንጋ ሆነው ይሸጣሉ። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ለኮርማነት ይቀራሉ። የሚለዩት በየዓመቱ ግንቦት ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ነው። በዚያ ቀን የእንስሳት ሐኪሙ ረጅሙን የብረት መቆንጠጫ ይዞ ይመጣል። መቆንጠጫው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ተሳስተናል ብሎ መመለስ የለም። የቱ እንደሚኮላሽ፣ የቱ እንደሚቀር የሚናገሩት ጋሽ እሸቴ ነበሩ።

ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ይላል። ክረምት ከበጋ የጎማ ቦቲ ያደርጋሉ። ወይፈን ሊያዩ ሲመጡ ሰላምታ አያስረዝሙም፤ «እግዜር ይመስገን። መጀመሪያ ውሃ» ይላሉ።

ውሃው ለመጠጥ አይደለም። አገራችን ብርድ ስለሆነ የወይፈኖቹ ፀጉር እንደ በግ ይረዝማል። ጋሽ እሸቴ ጀርባቸው ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ ያስፈስሱባቸዋል። ፀጉሩ ሲተኛ ጎድኑም፣ ወገቡም፣ ዳሌውም እንዳለ ይወጣል። «ፀጉር ጋቢ ነው» ይሉ ነበር። «ጋቢ የደረበ ሁሉ ወፍራም ይመስላል።»

ሐኪሙ ቀልድ ይወዳል። አንድ ጊዜ «ጋሽ እሸቴ፣ እባክዎ ለእኔም ሚስት ይምረጡልኝ» አላቸው።

«እሺ» አሉት። «መጀመሪያ ግን አንተ ላይ ውሃ እናፍስብህና እንይህ።»

ወሩንም የወሰኑት እርሳቸው ናቸው። ሊቀመንበራችን አቶ ጌታነህ መስከረም ይሻላል፣ ሣር ሲጠግቡ ደህና አድርገው ይታያሉ ብለው ነበር። «በመስከረምማ ድንጋዩም ያምራል» አሉ ጋሽ እሸቴ። «እኔ የምፈልገው ሣር በሌለበት፣ በግንቦት ቆሞ የሚያምረውን ነው።»

ከውሃው በኋላ ወይፈኑን በግቢው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ያስነዱታል። ያን ጊዜ እርሳቸው አያዩትም። ጀርባቸውን ይሰጡትና ዱላቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሰኮናውን ድምፅ ያዳምጣሉ። አንዱን እግሩን ፈራ እያደረገ የሚረግጥ ከሆነ ሳይዞሩ «የኋላ ግራውን አሞታል» ይላሉ። ሄደን ስናይ እውነት ነው።

ይህን ዕውቀት ያገኙት ከመልካም ሥራ እንዳልሆነ ራሳቸው ነግረውኛል። በወጣትነታቸው ከእነዋሪና ከአረርቲ ገበያ ከብት እየገዙ ለሥጋ ቤቶች ይነዱ ነበር። አንድ ቀን ጋጣውን ስጠርግ ደፍ ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦

«ገበያ ስገባ ዓይኔ የሚያርፈው ከሁሉ በላጩ ወይፈን ላይ ነው። እሱን ገዝቼ ወደ ቢላ እነዳዋለሁ። በዓመቱ ስመለስ እዚያው አገር ያሉት ከብቶች አንሰዋል። በሌላው ዓመት ደግሞ አንሰዋል። ለካ ላሞቹን የሚያጠቃው ማንም ያልፈለገው፣ ከገበያ የተመለሰው ነው። ገበሬ ለዘር ገብስ ሲያስቀር ዛላውን አይቶ ትልቅ ትልቁን ነው። ከብት ላይ ሲደርስ ምርጡን ይበላና ትራፊውን ዘር ያደርጋል። እኔም ስንቱን ምርጥ ነዳሁት። አሁን ጥቂቱን ላስቀር ብዬ ነው።»

እኔ እርባታው የገባሁት ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ በኋላ ነው። ሰው ፊት መናገር አልችልም ነበር። ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት የምለው በአንገቴ ነው። ጋሽ እሸቴ መጀመሪያ ያዘዙኝ የወይፈኖቹን ጅራት እንድይዝ ነበር። እርሳቸው ከጠፍር የተፈተለ አጭር ገመድ አላቸው፤ መሐሉ ላይ አንድ ቋጠሮ አለው። በእርሱ የወይፈኑን የዘር ከረጢት ዙሪያ ይለካሉ። ገመዱ ዞሮ ቋጠሮው ጋ ካልደረሰ ወይፈኑ የፈለገውን ያህል ቢያምር ይኮላሻል፤ ላሞቹን አያስረግዝም ይላሉ።

በሁለተኛው ዓመት ጅራቱን ራሳቸው ያዙና ገመዱን ለእኔ ሰጡኝ። ወንዶቹ ሳቁ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ፤ ገመዱ ከእጄ ወደቀ።

ጋሽ እሸቴ ገመዱን ከጭቃው አንስተው በኮታቸው ጠረጉት። «ነውር ያለው ሰው በሠራው ላይ ነው» አሉኝ። «እግዜር በሠራው ላይ ነውር የለም። ለኪ።»

ለካሁ። አንገቴን ደፍቼ ነው የለካሁት፤ ግን ለካሁ።

እንዲህ ያሉ ሰው ይሳሳታሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። በዚያው ዓመት ግን መብረቅን መረጡ። መብረቅ አንገቱ እንደ ዋርካ ግንድ የወፈረ፣ ደረቱ የሰፋ ጥቁር ወይፈን ነበር። ውሃ ፈሰሰበት፣ አማረ። በድንጋዩ ላይ ሄደ፣ ሰኮናው ልክ ነው። ገመዱ ቋጠሮውን አልፎ ዞረ። ሁሉም ተስማሙ። መብረቅ ኮርማ ሆነ፣ ጊደሮቹም ከእርሱ ፀነሱ።

የመውለጃቸው ጊዜ ሲደርስ ወለላ የምትባል ጊደር ጠዋት ጀምሮ አማጠች። ወለላን በጡጦ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የጥጃው ጭንቅላትና ትከሻ ትልቅ ነበር፤ አላልፍ አለ። ሐኪሙ እስኪደርስ ከሰዓት በኋላ ሆነ። እናትም ልጅም ሞቱ። በሳምንቱ ሌላ ጊደር በዚያው ሞተች። ጋሽ እሸቴ መጡና እበቱ ላይ ከሁለተኛዋ ጊደር አጠገብ ተቀመጡ። ብዙ ቆዩ። ማንም ተነሱ አላላቸውም።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሙ። «ማንንም አትጠይቁ» አሉ። «የሳትኩት እኔ ነኝ። የወይፈኑን አንገት አየሁ፤ በዚያ አንገት እናቱ ምን እንዳየች ግን አልጠየቅሁም። አሁን ልጠይቅ። መብረቅ ሲወለድ ማን ነበር?»

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱም አያውቅም። እኔ ግን አውቅ ነበር። መብረቅ የተወለደው እርባታው በገባሁ በወሩ ነው። እናቱ ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀትር ስታምጥ አጠገቧ ነበርኩ፤ ጥጃው በገመድ ተስቦ ሲወጣ ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። በምርጫው ቀን ሁሉ ሲያደንቀው ይህ ነገር ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ወንዶቹ ይስቁብኛል ብዬ ዋጥኩት።

በስብሰባውም አልተናገርኩም። ሰው ሲበተን ተከትያቸው ሄጄ፣ ከግቢው በር ውጭ ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ዱላቸውን መሬት ላይ ቆረቆሩ።

«እኔ አልጠየቅሁሽም» አሉ። «አንቺም አልነገርሽኝም። ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው።»

በሳምንቱ ከጎረቤላ አንድ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ገዝተው አመጡልኝ። ማን ወለደች፣ ስንት ሰዓት አማጠች፣ ሰው ረድቷት ወይስ ብቻዋን ወለደች፣ ከዚያ በኋላ ደህና ፀነሰች ወይ፤ ይህን እንድጽፍ ነገሩኝ። «እነዚህ ወንዶች ከብት የሚያውቁት በሜዳ ነው» አሉ። «ጋጣ ውስጥ የምትውይ አንቺ ነሽ። ጻፊ።»

መብረቅ ተኮላሸና ተሸጠ። ከእርሱ የፀነሱት የቀሩት ላሞች ግን መውለዳቸው አልቀረም። ቦቃው የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት የመብረቅ ልጅ። በዚያው ወር ከሌላው ኮርማችን ደግሞ ቀላ ያለ ቡናማው ዳማው ተወለደ። የሁለቱንም ጻፍኩ።

በቀጣዩ ግንቦት ጋሽ እሸቴ አዲሱን ጥያቄያቸውን ጨመሩ። ውሃው ከፈሰሰ፣ ሰኮናው ከተሰማ፣ ገመዱም ከዞረ በኋላ «ሲወለድ ማን ነበር?» ይላሉ። እኔ ጠጋ ብዬ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። እርሳቸው ጮክ ብለው ለሰዉ ያሰማሉ፦ «ሙሉ እንደምትለው እናቱ ብዙ ተቸግራበታለች። ይኮላሽ።» በእርሳቸው ድምፅ ስሰማው የእኔ ነገር ትልቅ ሰው የተናገረው ይመስላል። እንዲህ ሆኖ ቢዘልቅ ደስታዬ ነበር።

አልዘለቀም። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ዓይናቸው ደከመ፣ ቀጥሎም ሳንባቸውን አመማቸው። ግንቦት ሲገባ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ግድግዳውን ተደግፈው መደብ ላይ ነበሩ። በድምፄ አወቁኝ።

«ቦቃው እንዴት ሆነ?»

«አምሯል ጋሼ።»

«ዳማውስ?»

«እሱም ደህና ነው። ቁመቱ ግን ያንሳል።»

«ጌታነህ የቱን ነው የሚለው?»

«ቦቃውን። ከደብረ ብርሃን እንግዳ ሲመጣ ፎቶ የሚያነሱት እሱን ነው። ዘንድሮ አንድ ብቻ ነው የሚቀረው ብለዋል።»

«ዘንድሮ ኮርማው የሚያጠቃቸው ጊደሮች ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

ትንፋሻቸው ያፏጫል። እኔም እንደ ልማዴ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ። በእጃቸው መለስ አደረጉኝ።

«ለእኔማ አምና ነግረሽኛል» አሉ። «ዘንድሮ ለእነሱ ንገሪ።»

«አይሰሙኝም ጋሼ።»

«ላይሰሙሽ ይችላሉ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእነሱ ነው። ካልተናገርሽ ግን የአንቺ ነው። አንድ ጊዜ ተካፍለናል፤ ሁለተኛ የሚካፈልሽ የለም።» ከትራሳቸው ሥር የጠፍሩን ገመድ አውጥተው እጄ ላይ ጠቀለሉት። «በይ ሂጂ፤ ከብቶቹ ውሃ ይፈልጋሉ።»

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። የቀብራቸው ዕለት አቶ ጌታነህ ከሁሉ በላይ አለቀሱ፤ ውሸት አልነበረም፤ ይወዷቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ሆነ።

ሐኪሙ መቆንጠጫውን ይዞ መጣ። ማኅበርተኛው በአጥሩ ዙሪያ ቆመ። አራቱ ወይፈኖች ገና በዓይን ሲታዩ፣ ከፊሉ ከስቶ ከፊሉ እያነከሰ፣ ቀድመው ወድቀው ነበር። የቀሩት ቦቃውና ዳማው ናቸው። አቶ ጌታነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ነፍሳቸውን ይማርና ጋሽ እሸቴም ቢኖሩ የዘንድሮው አያደክማቸውም ነበር። ቦቃው ይቅር» አሉ።

«መጀመሪያ ውሃ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። እንደገና አልኩት። ሐኪሙ ብቻ ዞር አለ። «ውሃ ትላለች እኮ» አለ።

የሚያመጣ ሲጠፋ ራሴ ቀድቼ አመጣሁ። ሁለቱም ላይ አፈሰስኩ። ቦቃው ረጥቦም ያምራል፤ ልዋሽ አልችልም። ዳማው ጠበብ ያለ ነው፤ ወገቡ ግን ቀጥ ያለ ነው። በድንጋዩ ላይ ሲሄዱ ጀርባዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። አንዱ ከአጥሩ ጋ «ጋሽ እሸቴ ተነሱ እንዴ?» አለ፤ ሳቅ ተሰማ። የሁለቱም ሰኮና ደህና ነው። ገመዱን አውጥቼ ለካሁ። የሁለቱም ዙሪያ ቋጠሮው ጋ ደረሰ።

«እንግዲህ በሁሉም እኩል ከሆኑ ትልቁ ይሻላል» አሉ አቶ ጌታነህ፤ እጃቸውን ቦቃው አንገት ላይ አሳረፉ። ሁለት ሰዎች ዳማውን በገመድ ጠፍረው ከብት ከሚታሰርበት ግንድ ጋር አስጠጉት። ሐኪሙ መቆንጠጫውን ከፈተ።

ወለላ ዓይኔ ላይ መጣች። አሥራ አንዱ ጊደሮች ከበስተኋላዬ በረት ውስጥ ናቸው፤ ሲያመሰኩ ይሰማኛል።

«ይቆይ» አልኩ።

ሐኪሙ ቀና አለ። አቶ ጌታነህ «ምን አልሽ?» አሉኝ።

«ያልተጠየቀ ነገር አለ።»

«ምን?»

«ሲወለድ ማን ነበር ተብሎ አልተጠየቀም።»

ጥያቄው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«እሱን የሚጠይቁት ጋሽ እሸቴ ነበሩ» አሉ አቶ ጌታነህ።

«አዎ። ዛሬ እርስዎ ይጠይቁ።»

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። አቶ ጌታነህ ወደ እኔ ዞሩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ሲወለዱ ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ።»

ደብተሩን ከሹራቤ ውስጥ አወጣሁ። ገጹን ፈልጌ አነበብኩ። «ዳማው። እናቱ ጠዋት ስታመሰኳ ቆይታ ጋደም አለች። ውሃ ቀድቼ እስክመለስ ወልዳ ትልሰው ነበር። በዓመቱ ደግማ ወለደች።»

«ለዚህኛውማ አንቺም አልደረስሽም» አለ ሐኪሙ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩና ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ።

«ቦቃው። አባቱ መብረቅ ነው። እናቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አማጠች። ትከሻው አላልፍ አለ። አራት ሰው በገመድ ሳበው። እናቱ አምስት ቀን መቆም አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ አልፀነሰችም።»

አቶ ጌታነህ እጃቸው አሁንም ቦቃው አንገት ላይ ነበር። «የሳቡት አራት ሰዎች እነማን ናቸው?» አሉኝ። ያልታመንኩ መሰለኝ።

«ተጽፏል» አልኩ። «አንዱ እርስዎ ነዎት።»

መዳፋቸውን ከወይፈኑ ላይ አነሱና አዩት። «እውነት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ገመዱ እጄን ልጦኝ ነበር። ረሳሁት። ከዚያ በኋላ ማማሩን ብቻ ነው ያየሁት።»

ከአጥሩ ጋ ያሉት ማንሾካሾክ ጀመሩ። አንዱ «ለአንድ ዓመት ብንሞክረውስ?» አለ።

«በማን ጊደር?» አልኩት። «የትኞቹ እንደሚሞከሩበት ቁጠርና ንገረኝ።»

አቶ ጌታነህ ዳማውን ፍቱት አሉ። የቦቃውን ገመድ ለሰው አልሰጡም፤ ራሳቸው ይዘው ወደ ሐኪሙ ወሰዱት።

እኔ የጠፍሩን ገመድ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ዳማውን ወደ በረቱ እየነዳሁ ሳለ ለጋሽ እሸቴ የምነግራቸው ነገር ብዙ ነበር። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ሳይሆን ፊት ለፊት ቆሜ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ላም ወለደች። ጥጃውን በደረቅ ጭድ እያሸሁ ሳለ አቶ ጌታነህ ወደ ጋጣው ገቡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ወንድ ነው ሴት?» ብለው ነው። ደፉ ላይ ቆሙና ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

«ስንት ሰዓት አማጠች?» አሉኝ።

ነገርኳቸው፤ ጮክ ብዬ።